ሎንግስትሪት በጌቲስበርግ ጥፋተኛ የተባለው መቼ ነው?

ጥያቄ፦ «የምኖረው በሰሜን ቨርጂኒያ ነው። አርሊንግተን ውስጥ ያለው ሊ ሀይዌይ ስሙ ተቀይሮ ላንግስተን ቡሌቫርድ ከተባለ ወዲህ ስለ ኮንፌዴሬት (ባርነትን ለማቆየት ከአሜሪካ የተገነጠለው የደቡብ ወገን) ጄኔራሎች ማንበብ ጀምሬያለሁ። ስለ ጄምስ ሎንግስትሪት በአማርኛ አንድ ጽሑፍ ላዘጋጅ ብዬ ብነሳም የማገኘው ሁሉ እርስ በርሱ ይጋጫል። አንዱ በጌቲስበርግ ደቡብን ያስሸነፈ እሱ ነው ይላል። ሌላው ለሹመት ብሎ ወገኑን የሸጠ ይለዋል። ሦስተኛው በባርነት ተጸጽቶ ለጥቁሮች መብት የቆመ ጀግና ያደርገዋል። አንድ ወዳጄ ደግሞ ከግብጾች ጋር ጉራዕ ድረስ መጥቶ የወጋን ጄኔራል ይኸው ነው አለኝ። የትኛውን ልያዝ?»

ምላሽ፦ የመጨረሻው ቶሎ ስለሚያልቅ ከእሱ ልጀምር። ጉራዕ የመጣው ሎንግስትሪት ሳይሆን ዊሊያም ዊንግ ሎሪንግ ነው። ሎሪንግም የኮንፌዴሬት ጄኔራል ነበር። ከሽንፈቱ በኋላ በግብጹ ገዥ በኬዲቭ እስማኤል ተቀጥሮ ግብጽ ገባና በማርች 1876 የዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ጦር ግብጾችን ጉራዕ ላይ ሲመታ የግብጽ ጦር አዛዥ የራቲብ ፓሻ ኤታማዦር ሹም ሆኖ እዚያው ነበር። (ዓመተ ምሕረቱን በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ።) ሁለቱን የሚያገናኛቸው በ1847 ሜክሲኮ ውስጥ በቻፑልቴፔክ ውጊያ ለአንድ ባንዲራ ሲዋጉ መቁሰላቸው ነው፤ ሎሪንግ አንድ ክንዱን ያጣው እዚያ ነው። ሎንግስትሪት ኢትዮጵያን አልረገጠም፤ ወደ እኛ አካባቢ የቀረበው በ1880 የአሜሪካ ሚኒስትር (መልእክተኛ) ሆኖ ቁስጥንጥንያ በተቀመጠ ጊዜ ብቻ ነው። ወዳጅዎ የተሳሳቱት በስሙ ነው፤ አንድ የኮንፌዴሬት ጄኔራል ጉራዕ መዋሉ ግን እውነት ነው።

የቀሩት ሦስቱ አባባሎች ከአንድ ምንጭ ስለሚቀዱ ለየብቻ ሊታዩ አይችሉም። ሮበርት ሊ የመራው የደቡብ ጦር ፔንሲልቬንያ ውስጥ የተሸነፈበት የጌቲስበርግ ውጊያ ከጁላይ 1 እስከ 3 ቀን 1863 ነው። ሎንግስትሪት በዚያ ውጊያ ጥፋተኛ ነው የሚለው ክስ በአደባባይ የተነሳው ግን በ1872 ነው። በመካከሉ ባሉት ዘጠኝ ዓመታት ሁለት ነገሮች ሆነዋል፦ ሎንግስትሪት በ1867 ከሪፐብሊካኖች፣ ማለትም ከአሸናፊው ሰሜን ፓርቲ፣ ጋር ቆመ፤ ሮበርት ሊ ደግሞ በኦክቶበር 1870 ሞተ። ጽሑፍዎ እነዚህን ሁለት ዓመታት ካልያዘ ምንም ያህል ምንጭ ቢደረድሩ የሌሎችን ጠብ መልሰው መጻፍዎ ነው።

ሰውዬው በጦርነቱ ማን እንደነበር በአጭሩ ይኸው። በ1821 ሳውዝ ካሮላይና ተወለደ፤ ጆርጂያ ውስጥ አጎቱ ኦገስተስ ሎንግስትሪት በባሪያ ጉልበት በሚያርሰው እርሻ ላይ አደገ። ከዌስት ፖይንት የጦር አካዳሚ በ1842 ሲመረቅ ከ56 ሰዎች 54ኛ ነበር። ኋላ የሰሜኑ ጦር አዛዥና ፕሬዚዳንት የሆነው ዩሊሲስ ግራንት አንድ ዓመት የሚቀንሰው የትምህርት ቤት ጓደኛው ነው፤ የግራንት ሚስት ጁሊያ ዴንት ደግሞ በእናቱ በኩል ዘመዱ ነች። ይህን ዝምድና ልብ ይበሉት፤ ኋላ ሹመቱን ስናይ እንመለስበታለን። በሊ ጦር ውስጥ የአንደኛው ኮር (የበርካታ ክፍለ ጦሮች ስብስብ) አዛዥ ነበር። ሊ «የጦር ፈረሴ» እያለ ይጠራው ነበር። በሜይ 1864 በዊልደርነስ ውጊያ የገዛ ወታደሮቹ በስህተት ተኩሰው ጉሮሮውንና ትከሻውን መቱት፤ ቀኝ እጁ ከዚያ በኋላ እንደ ድሮው አልሠራለትም፣ ድምፁም ተዘጋ። ያም ሆኖ ወደ ጦሩ ተመልሶ በኤፕሪል 1865 አፖማቶክስ ላይ እጅ ሲሰጥ ከሊ ጎን ነበር።

ከጦርነቱ በኋላ ኒው ኦርሊንስ ገብቶ በጥጥ ድለላ ሥራ ተሰማራ፤ የአንድ ኢንሹራንስ ኩባንያ ፕሬዚዳንትም ሆነ። ምሕረት ቢጠይቅም ፕሬዚዳንት አንድሩ ጆንሰን ከለከለው። ሎንግስትሪት ራሱ እንደጻፈው፣ ጆንሰን ከደቡብ ሰዎች ምሕረት የማያገኙት ሦስት ናቸው፣ ዴቪስ (የኮንፌዴሬሲው ፕሬዚዳንት)፣ ሊና አንተ ብሎታል። ስለዚህ በ1867 መጀመሪያ ላይ ሎንግስትሪት የሚሸጥ ሸቀጥና ትልቅ ስም ያለው፣ የፖለቲካ መብት ግን የሌለው ሰው ነበር።

በማርች 1867 ኮንግረስ የመልሶ ግንባታ ሕጎች የሚባሉትን አወጣ። ከቴነሲ በቀር ያመፁት አሥሩ ክፍለ ግዛቶች በአምስት ወታደራዊ ወረዳዎች ተከፈሉ። ጥቁር ወንዶች የሚመርጡበት አዲስ ሕገ መንግሥት ሳያጸድቁና ለጥቁሮች ዜግነት የሰጠውን 14ኛውን የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ሳይቀበሉ በኮንግረስ ወንበር እንዳያገኙም ተደረገ። የኒው ኦርሊንስ ጋዜጦች የታወቁ ሰዎችን አስተያየት ሲጠይቁ ሎንግስትሪት ተከታታይ ደብዳቤዎች ጻፈ። ጣጣ ያመጣበት በጁን የታተመው ነው። ሐሳቡ የወታደር ነው፦ ተዋግተን ተሸንፈናል፤ እጅ ስንሰጥ ሦስት ነገር አብረን አስረክበናል፣ የመገንጠልን መብት፣ ጥቁሩ የነበረበትን የቀድሞ የፖለቲካ ሁኔታና ኮንፌዴሬሲውን ራሱን፤ ውሉ የአሸናፊው ነው፣ እንፈጽመው። አጎቱ ረቂቁን አይቶ ይህ ከታተመ ያጠፋሃል ብሎ እንዳስጠነቀቀው ይነገራል።

እዚህ ላይ ከሦስተኛው ወገን ጸሐፊዎች ይጠንቀቁ። ደብዳቤው የጸጸት ደብዳቤ አይደለም። በተከታዩ ወር፣ በጁላይ፣ ለአንድ ወዳጁ በጻፈው ሌላ ደብዳቤ ምክንያቱን ሳይሸፍን አስቀምጦታል፦ ጥቁሩ አንዴ የመምረጥ መብት ስላገኘ ድምፁ እኛን እንዳይጎዳ ልንመራው ይገባል፤ ይህን ማድረግ የምንችለው ደግሞ ሪፐብሊካን ሆነን ነው። የነጮች የበላይነት እንዳይናወጥ ከአሸናፊው ጋር መስማማት ይሻላል የሚል ስሌት ነው። ጀግና ሊያደርጉት የሚፈልጉ ሰዎች የጁኑን ደብዳቤ ይጠቅሱና የጁላዩን ይዘሉታል። ሁለቱን ጎን ለጎን ያስቀምጡ።

«ለሹመት ሸጠን» የሚለው ክስ ደግሞ በቀን መቁጠሪያ ብቻ ይፈርሳል። ደብዳቤው ጁን 1867 ነው። የፖለቲካ መብቱን ኮንግረስ የመለሰለት ጁን 1868 ነው። ግራንት በዓመት 6,000 ዶላር የሚከፈልበትን የኒው ኦርሊንስ ጉምሩክ ተቆጣጣሪነት የሰጠው ፕሬዚዳንት እንደሆነ በማርች 1869 ነው። በመካከሉ ያለው ሁለት ዓመት ገደማ የኪሳራ ጊዜ ነበር፤ ደንበኞቹ ሸሹ፣ ሥራው ወደቀ፣ የቀድሞ ባልደረቦቹ ሰላምታ ነፈጉት። አብሮት የተዋጋው ጄኔራል ዳንኤል ሃርቪ ሂል «ለምጻም» ብሎ ጻፈበት። ከሪፐብሊካኖች ጋር ለቆመ የደቡብ ነጭ የተሰጠው የስድብ ስም ስካላዋግ ነው፤ ሎንግስትሪት ከስካላዋጎች ሁሉ ትልቁ ስም ሆነ። ለሹመት ብሎ ቢሆን ኖሮ ንግዱን ቀድሞ ባልገደለ ነበር። ነገር ግን የክሱ ግማሽ እውነት አለው፤ ከ1869 በኋላ ኑሮው በአመዛኙ በፌዴራል መንግሥት ሹመት ላይ ተንጠላጥሏል፣ ከግራንት ጋር ያለው ወዳጅነትና ዝምድናም ረድቶታል። ሹመቱ የአቋሙ ውጤት ነው ቢሉ ያስኬድዎታል፤ የአቋሙ መነሻ ነው ካሉ ቀኑ ይቃወምዎታል።

ስሌት ብቻ ነው ብሎ መደምደምም አይቻልም፤ ምክንያቱ ሉዊዚያና ውስጥ የሠራው ሥራ ነው። ገዥው ሄንሪ ክሌይ ዋርሞት በ1870 የክፍለ ግዛቱ ሚሊሻ አጁታንት ጄኔራል (ከፍተኛ የአስተዳደር ሹም) አደረገው። ሚሊሻው ውስጥ የቀድሞ ኮንፌዴሬቶችም ጥቁሮችም ነበሩ፤ ሎንግስትሪት ጥቁር መኮንኖችን አዘዘ፣ ሰልፋቸውንም መራ። ይህን የሚያደርግ ሌላ የእሱን ያህል ማዕረግ የነበረው ኮንፌዴሬት አልነበረም። በ1872 የተደረገው የገዥነት ምርጫ ተጭበርብሯል ተብሎ ሪፐብሊካኑ ዊሊያም ኬሎግና ዴሞክራቱ ጆን ማኬነሪ ሁለቱም አሸንፌያለሁ አሉ። በኤፕሪል 1873 ኮልፋክስ በምትባል ከተማ የታጠቁ ነጮች በርካታ ጥቁሮችን፣ አብዛኞቹንም እጅ ከሰጡ በኋላ፣ ጨፈጨፉ። በ1874 ኋይት ሊግ የሚባለው የታጠቀ ድርጅት ተቋቋመ፤ ዓላማውን አልደበቀም፣ የሪፐብሊካኑን መንግሥት በኃይል መጣል ነው።

ሊጉና የመንግሥቱ ኃይል ሴፕቴምበር 14 ቀን 1874 ኒው ኦርሊንስ ውስጥ በካናል ጎዳና አካባቢ ተጋጠሙ። ሎንግስትሪት የሜትሮፖሊታን ፖሊሱንና አብዛኛው ጥቁር የሆነውን ሚሊሻ ይዞ፣ መድፍና ጋትሊንግ መትረየስ አሰልፎ ቆመ። ፊት ለፊቱ በፍሬድሪክ ኦግደን የሚመሩ በሺዎች የሚቆጠሩ የኋይት ሊግ ሰዎች ነበሩ፤ ብዙዎቹ የቀድሞ ኮንፌዴሬት ወታደሮች ናቸው። እንዲበተኑ ሊያዛቸው በፈረስ ወጣ። ኃይሉ በተዳከመ ጥይት ተመታ፣ ከፈረሱ ወርዶ ተማረከ። ከሁለቱም ወገን ከ30 በላይ ሰው ሞተ። ኬሎግ ጉምሩክ ሕንጻ ውስጥ ተሸሸገ፤ አማጽያኑ ከተማዋን ለሦስት ቀን ያህል ይዘው ግራንት የፌዴራል ወታደር ሲልክ ለቀቁ። ለእኔ ዋናው ማስረጃ ይህ ቀን ነው። ደብዳቤ የሚጽፍ ስሌተኛ ብዙ ነው፤ ጥቁር ሚሊሻ አሰልፎ በቀድሞ ወታደሮቹ ፊት የሚቆም ግን ከስሌት አልፏል። ውጊያውን ለማሞገስ ኒው ኦርሊንስ ውስጥ በ1891 ሐውልት ቆመ፣ በ1932 የነጭ የበላይነትን በግልጽ የሚያወድስ ጽሑፍ ተጨመረበት፣ የተነሳው በኤፕሪል 2017 ነው። ሐውልቱ የቆመው ሎንግስትሪትን ለማረኩት መሆኑን ልብ ይበሉ።

አሁን ወደ ጌቲስበርግ። ክሱን የከፈተው የቀድሞው ኮንፌዴሬት ጄኔራል ጁባል ኧርሊ ነው፤ በጃንዋሪ 1872 በሊ ልደት ቀን ባደረገው ንግግር የጁላይ 2 ጥቃት የዘገየው በሎንግስትሪት ነው አለ። በዓመቱ የሊ መድፈኞች አዛዥ የነበረው ዊሊያም ፔንድልተን አንድ እርምጃ ጨመረ፦ ሊ «ፀሐይ ስትወጣ» እንዲያጠቃ አዞት ነበር አለ። ጥቃቱ የተጀመረው ከቀኑ 10 ሰዓት (በእኛ አቆጣጠር) ላይ ስለሆነ፣ ትእዛዙ እውነት ከሆነ ሎንግስትሪት ከአሥር ሰዓት በላይ ባክኗል ማለት ነው። ሎንግስትሪት በ1875 የሊን መኮንኖች፣ ዋልተር ቴይለርን፣ ቻርልስ ቬናብልን፣ ቻርልስ ማርሻልንና አርሚስቴድ ሎንግን በደብዳቤ ጠየቃቸው። አንዳቸውም እንዲህ ያለ ትእዛዝ አላውቅም አሉ። እነዚህ የሎንግስትሪት ወዳጆች አይደሉም፤ ሊን የሚያመልኩ ሰዎች ናቸው። የንጋቱ ትእዛዝ ፈጠራ ነው ብለው ያለ «ምናልባት» መጻፍ ይችላሉ።

ኧርሊ ለምን ይህን ፈለገ? ሊ በሕይወት ሳለ አንድም ሰው እንዲህ ብሎ በይፋ አልተናገረም፤ ሊ ራሱ ሊያስተባብል ይችል ነበርና። ሊ ሲሞት ፍጹም ጄኔራል ሆኖ ተቀደሰ፤ ፍጹም ጄኔራል ደግሞ በራሱ ጥፋት አይሸነፍም፣ ጥፋተኛ ያስፈልገዋል። ስካላዋጉ ሎንግስትሪት ተዘጋጅቶ ተቀምጧል። በዚያ ላይ ኧርሊ ራሱ በጁላይ 1 ምሽት የሰሜኑ ጦር የተጠጋበት የሴሜተሪ ኮረብታ ሳይያዝ ሲቀር እዚያው ከኮር አዛዡ ከኢዌል ጋር ከነበሩት አዛዦች አንዱ ነው። ከሳሹ የራሱ ዕዳ አለበት። ከዚያ በኋላ ሬቨረንድ ዊሊያም ጆንስ ያዘጋጀው የደቡብ ታሪክ ማኅበር መጽሔት ክሱን በተከታታይ አሰራጨው፤ አንባቢው ትውልድ ታሪኩን የተማረው ከዚያ ነው።

ነገር ግን ሎንግስትሪትን ነጻ ለማውጣት ሲቸኩሉ ሌላኛው ጉድጓድ ውስጥ አይግቡ። በጁላይ 2 ቀዝቅዞ እንደነበር የራሱ ኤታማዦር ሞክስሊ ሶረል መስክሯል። የጥቃቱን ሐሳብ አልወደደውም፤ በስተ ደቡብ ዞረን በእነሱና በዋሽንግተን መካከል እንቁምና እነሱ ያጥቁን ብሎ ነበር። ሊ የጥቃቱን ትእዛዝ የሰጠው ከረፋዱ 5 ሰዓት ገደማ ነው፤ በሎንግስትሪት ሥር ያለው የሎው ብርጌድ ረጅም መንገድ ተጉዞ እስኪደርስ መጠበቁን ሊ ፈቅዷል፤ ከዚያም ጠላት እንዳያያቸው የተጓዙበትን መንገድ ለውጠው ተመልሰው ዞሩ። የመዘግየቱ አብዛኛው ክፍል በዚህ ይብራራል፣ ሁሉም ግን አይደለም። በጁላይ 3 ደግሞ 12,500 ያህል ሰው በሜዳ አቋርጦ እንዲያጠቃ ሲታዘዝ አይሆንም ብሎ ተከራክሯል፤ ከአጥቂዎቹ አዛዦች አንዱ ጄኔራል ፒኬት ልሂድ ወይ ሲለው ቃል አልወጣውም፣ በእሺታ አንገቱን ብቻ ነቀነቀ። ግማሽ ያህሉ ሞተ፣ ቆሰለ ወይም ተማረከ። የሊ ይፋዊ ሪፖርት የሎንግስትሪት ዝግጅት እንደታሰበው ቶሎ አላለቀም የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር አለው፤ ስለ ጁላይ 3 ነው፣ ወቀሳም አላስከተለበትም። ኮሩን አልነጠቀውም። ሊ በእሱ ላይ እምነት አጥቶ ቢሆን ኖሮ እስከ አፖማቶክስ አጠገቡ ባላቆየው ነበር።

ሎንግስትሪት ራሱን የጎዳው በብዕሩ ነው። በ1866 ለአንድ የሰሜን ጸሐፊ ሊ በጌቲስበርግ ተሳስቷል ብሎ ተናገረ፤ ጠላቶቹ ኋላ ይህንን አወጡበት። ከ1877 ጀምሮ በጋዜጣና በመጽሔት፣ በመጨረሻም በ1896 ባሳተመው ማስታወሻ እየመለሰ ሲከራከር ሰዓታትን አምታታ፣ ራሱን አስተዋይ ሊን ግን ደሙ የፈላ አደረገ፣ በሌሎች ውጊያዎችም ምስጋናውን ወደ ራሱ ሳበ። ከሳሾቹ የሚያጠምዱበትን ስህተት በገዛ እጁ ሰጣቸው። ስለዚህ ማስታወሻውን ስለ ስሜቱና ስለ ፖለቲካው ይጠቀሙበት፤ ሰዓት፣ ቁጥርና ትእዛዝ ግን ከእሱ አይውሰዱ።

ስለ ጦርነቱ መነሻ የነበረውን አመለካከት በተመለከተ፣ ከባርነት በቀር ሌላ የጠቡ ምክንያት ሰምቼ አላውቅም የሚል ጥቅስ በስሙ ሲዞር ያገኙ ይሆናል። አይውሰዱት። ይህ ሐሳብ በእርግጠኝነት የሚገኘው በኮሎኔል ጆን ሞዝቢ ደብዳቤዎች ውስጥ ነው፤ ሞዝቢም ቨርጂኒያዊ ኮንፌዴሬት ሆኖ የግራንት ደጋፊ ስለሆነ ሁለቱ ይቀያየራሉ። ሎንግስትሪት ደቡብ መዋጋቷን አላወገዘም፤ ጉዳዩ በጦር ሜዳ ተፈርዶ አልቋል፣ እዚያው መቀበር ነበረበት ነው የሚለው። በ1886 አትላንታ ውስጥ ጄፈርሰን ዴቪስ በተገኘበት በዓል ላይ ግራጫ የጄኔራል ልብሱን ለብሶ መጥቶ ዴቪስን አቅፏል፤ በ1890 ሪችመንድ ላይ የሊ ሐውልት ሲመረቅም ተገኝቶ ተጨብጭቦለታል። ሪፐብሊካንነቱንም አልተወም፣ ግራጫ ልብሱንም አልጣለም። ጆርጂያ ከተመለሰ በኋላ ፓርቲውን ነጮች እንዲመሩት ከሚፈልገው ወገን ጋር መቆሙም መጻፍ አለበት፤ የኒው ኦርሊንሱ ሎንግስትሪት እስከ መጨረሻው አልዘለቀም።

ከ1875 በኋላ ያለው ሥራ በአንድ አንቀጽ ይበቃል። ጌይንስቪል፣ ጆርጂያ ኖረ፣ ሆቴል ያዘ፤ በ1877 ካቶሊክ ሆነ፤ በ1879 የከተማዋ ፖስታ ቤት ኃላፊ፣ በ1880 በፕሬዚዳንት ሄይስ ሹመት በኦቶማን መንግሥት የአሜሪካ ሚኒስትር፣ ከ1881 እስከ 1884 የጆርጂያ የፌዴራል ማርሻል ሆነ። ከማርሻልነቱ የተነሳው በሥሩ በነበሩ ምክትሎች የሒሳብ ጉድለት ተወቅሶ ነው። በ1897 ማኪንሊ የባቡር ሐዲድ ኮሚሽነር ሲያደርገው የተተካው በዌድ ሃምፕተን ቦታ ነው፤ ሃምፕተን ደግሞ ሳውዝ ካሮላይናን በ1876 ለዴሞክራቶች የመለሰው ጄኔራል ነው። የአንዱ ወንበር ለሌላው መድረሱ ጽሑፍዎን ያደምቅልዎታል። ሎንግስትሪት በዚህ ሥራ ላይ እያለ በጃንዋሪ 1904 ሞተ።

ምክሬ ይህ ነው፦ ጽሑፍዎን «ሽንፈቱን የተቀበለ ጄኔራል» ብለው ይጀምሩት፤ ከሃዲም ተጸጻችም አይበሉት። ከመጻፍዎ በፊት ያገኙትን እያንዳንዱን ምስክርነት በሦስት ክምር ይለዩ፦ ከጁን 1867 በፊት የተጻፈ፣ ከዚያ እስከ ሊ ሞት፣ ከኦክቶበር 1870 በኋላ። በእያንዳንዱ ላይ ጸሐፊው ጁላይ 2 ቀን የት እንደነበረ በአንድ መስመር ያስፍሩ። ስለ ጌቲስበርግ ሰዓትና ትእዛዝ ሲጽፉ የመጀመሪያውን ክምር ብቻ ይጠቀሙ። የሁለቱ ወገን አዛዦች ሪፖርቶች መንግሥት ባሳተመው 128 መጽሐፍ ውስጥ አሉ፤ የጌቲስበርጉ ተከታታይ 1፣ ቅጽ 27 ነው፣ የሊ ሪፖርት በክፍል 2 ይገኛል፣ ኢንተርኔት ላይም በነጻ ይነበባል። ሦስተኛው ክምር ለጌቲስበርግ ባይረባም ለ1870ዎቹ ፖለቲካ ከሁሉ የተሻለ ምንጭ ስለሆነ አይጣሉት።

ሎንግስትሪት ሐውልት የለውም የሚል ዓረፍተ ነገር በብዙ የቆዩ ጽሑፎች ያገኛሉ፤ ያ ከ1998 ወዲህ አይሠራም። በዚያ ዓመት ጁላይ ላይ ጌቲስበርግ ውስጥ ፒትዘር ጫካ አጠገብ በፈረስ ላይ ያለ ሐውልቱ ቆሟል፤ እንደ ሌሎቹ መደብ ላይ አልተሰቀለም፣ መሬት ላይ ነው። ከሰሜን ቨርጂኒያ በመኪና ሁለት ሰዓት አይሞላም፤ ለጽሑፍዎ ፎቶውን ራስዎ ማንሳት ይችላሉ።